የመቃብር ድንጋይ ይረግማል ወይ?

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን ሰነበቱ? የምጽፍልዎ ከመሐል ሜዳ ነው። የደብራችንን ቅጥር ለማደስ ወጣቶች ድንጋይ ሲያነሡ ወንድሜ አብሯቸው ነበር። ለመሠረቱ ቦታ እንዲለቅ ተብሎ አንድ የቆየ የመቃብር ድንጋይ አምስት ሆነው ፈቀቅ አደረጉ። ድንጋዩ ላይ «ውጉዝ» የሚል ቃል ይነበባል፤ የቀረው በአፈር ተሸፍኗል። ከልጅነታችን ጀምሮ «እሱን የነካ ዓመት አይደግምም» ሲባል ነው የሰማነው። በሦስተኛው ሳምንት ወንድሜ ከመሰላል ወድቆ እግሩ ተሰበረ። አሁን የሰፈሩ ሰው «ጥቁር በግ ድንጋዩ ላይ ይታረድ» እያለ ነው። እናቴ በጉን ገዝታለች። አንዱ ልጅ ደግሞ ድንጋዩን ቀርጾ ቲክቶክ ላይ ለቆታል፤ ከዚያ ወዲህ የሚፈራው ሰው በዝቷል። እውነት እርግማኑ ደርሶበት ነው? ምን እናድርግ?

መልስ፦ እኅቴ፣ አስቀድሞ ወንድምሽን እግዚአብሔር ይማረው። እግሩን ሐኪም ካላየው ዛሬውኑ ይታይ። በጉም ድንጋዩ ላይ አይታረድ። እነዚህ ሁለቱ ቀጠሮ የማይሰጣቸው ስለሆኑ ነው ያስቀደምኳቸው።

አሁን ወደ ድንጋዩ። ተጉለት ውስጥ የቆሎ ተማሪ ሳለሁ እኛም አንድ የምንፈራው ድንጋይ ነበረን። ከቤተ ልሔሙ ጀርባ፣ ወይራው ሥር። ለቁራሽ ስንወጣ ዞረን እንሄድ ነበር። እሱ ላይም «ውጉዝ» የሚለው ብቻ ነበር የሚታየው። አንድ ቀን የኔታ ይህን ሰሙ። የኔታ ዓይናቸው አያይም። «ውኃና ሣር ይዛችሁ ተከተሉኝ» አሉን። አፈሩን ጫርን፤ የድንጋዩን ሽበት በሣር ፈተግን፤ ውኃ አፈሰስን። የኔታ ተንበርክከው ፊደሉን አንድ በአንድ በጣታቸው ዳሰሱት። ከዚያ ጮክ ብለው አነበቡ፦ «ይህን ድንጋይ ለቤት ለወፍጮ የወሰደ ውጉዝ ይሁን። ያነበበ አባታችን ሆይ ይበልልኝ።»

ለካ ሰውየው የለመነው ጸሎት ነበር። እኛ ደግሞ ስንት ዓመት ሙሉ ሸሸነው። የኔታ እዚያው አቁመው አባታችን ሆይ አስደገሙን።

የእርግማኑን ምክንያት አስቢው። የእኛ ሀገር ብርድ ነው፤ በተለይ መንዝ ቤቱ የድንጋይ ነው። ሜዳ ላይ ተጠርቦ የተቀመጠ ጥሩ ድንጋይ ያየ ሰው ለግድግዳ ይመኘዋል። ሟች ወይም ልጆቹ ይህን ያውቃሉ። ዘበኛ አይቀጥሩ፤ ቁልፍ አያበጁ። ስለዚህ ቃል ጻፉበት። ቃሉ የተጻፈው ለሌባ ነው።

ይህ ልማድ ደግሞ ጥንታዊ ነው። ንጉሥ ኢዛና በአክሱም ባስቀረጸው ጽሑፍ ላይ፣ ድንጋዩን የሚያጠፋና የሚነቅል ቢኖር እርሱና ዘሩ እንዲነቀሉ ይረግማል። የብራና መጻሕፍቶቻችንን ብትገልጪ «ዘሰረቆ ወዘፈሐቆ በሥልጣነ ጴጥሮስ ወጳውሎስ ውጉዘ ይኩን» የሚል ታገኛለሽ፤ የሰረቀውም የፋቀውም የተወገዘ ይሁን ማለት ነው። ግን ያን መጽሐፍ ስናነብ ማን ፈርቶ ያውቃል? ይልቅ እንሳለመዋለን። በውጭ ሀገርም እንዲሁ ነው። በ1616 ዓ.ም. በፈረንጆች አቆጣጠር የሞተው እንግሊዛዊው ባለቅኔ ሼክስፒር በተቀበረበት ቤተ ክርስቲያን፣ መቃብሩ ላይ፣ አጥንቴን የሚያነሣ የተረገመ ይሁን የሚል ቃል ተቀርጿል። በዚያ ዘመን ቦታ ሲጠብ የቆየ አጥንት እየተቆፈረ ወደ አጥንት ማከማቻ ቤት ይጋዝ ነበር። ያን ለማስቀረት ነው።

መጽሐፍ ቅዱስም ይህን ጉዳይ ያውቀዋል። ንጉሥ ኢዮስያስ በቤቴል መቃብሮችን እያስከፈተ ሳለ አንድ ምልክት አየና ምን እንደሆነ ጠየቀ። የእግዚአብሔር ሰው መቃብር ነው አሉት። ተዉት፣ አጥንቱን ማንም አያንቀሳቅሰው አለ (2ኛ ነገሥት 23፥17-18)። አክብሮት ይህ ነው። ሌላ ቦታ ደግሞ የዮሴፍን አጥንት ሙሴ ከግብፅ ይዞ ወጣ። ማንቀሳቀስ በራሱ ኃጢአት ቢሆን ሙሴ ባላደረገው። የኤልሳዕ አጥንትማ የነካውን ሬሳ አስነሣ እንጂ አልገደለም።

«ታዲያ ውጉዝ የሚለው ቃል ከንቱ ነው?» ትይኝ ይሆናል። አይደለም። መቃብር መዝረፍ፣ የሟችን ድንጋይ ለራስ ጥቅም መውሰድ ነውርም ኃጢአትም ነው። ይህን ላደረገ ሰው ቃሉ ሊከብደው፣ ንስሐ ሊያስገባው ይገባል። ማሰርና መፍታት ግን የካህን ሥልጣን ነው፤ ድንጋይ ሥልጣን የለውም። ወንድምሽ ደግሞ ለቤቱ አልወሰደም። የእግዚአብሔርን ቤት ቅጥር ሲያድስ ነው ፈቀቅ ያደረገው። ያለ ምክንያት የተነገረ እርግማን እንደሚበር ወፍ ነው፣ በሰው ላይ አያርፍም ይላል መጽሐፈ ምሳሌ (26፥2)። ጌታችንም እርግማናችንን በመስቀል ተሸክሞልናል (ገላትያ 3፥13)። ይህን እያመንን ድንጋይ መፍራት እኔን በጣም ያሳዝነኛል።

ደግሞም ቁጠሪ። ድንጋዩን ያነሡት አምስት ናቸው ብለሻል። የአራቱ እግር ደህና ነው። የሰው ወሬ ግን የወደቀውን አንዱን ይዞ ይሮጣል። ስለ ግብፁ ንጉሥ ቱታንክሃሙን መቃብር የሚወራውም እንዲሁ ነው። በ1922 እንደ ፈረንጆቹ ተገኘ፤ የቁፋሮው ገንዘብ አውጪ ከጥቂት ወራት በኋላ የትንኝ ንክሻ ቁስል ተመርዞበት ሞተ፤ «እርግማን» ተባለ። መቃብሩን ያገኘውና የከፈተው ሃዋርድ ካርተር ግን እስከ 1939 ኖሯል። እሱን የሚያነሣ የለም።

ስለ በጉ ትንሽ ልቆይበት፤ የሚያስፈራኝ እሱ ነውና። ዛሬ ጥቁር በግ ነው። ነገ ገብስማ ዶሮ ይባላል። ከነገ ወዲያ ድንጋዩ ቅቤ ይቀባል፣ ቡና ይፈስበታል። እንዲህ እንዲህ እያለ አንድ ክርስቲያን ያረፈበት ቦታ የባዕድ አምልኮ መሠዊያ ይሆናል። ሟቹ ራሱ ቢሰማ ምን ይል ነበር? ለእርሱ የሚጠቅመው ጸሎተ ፍትሐት ነው፣ መታሰቢያ ነው፣ ምጽዋት ነው። እናትሽን ግን እንዳትቆጫቸው። ልጃቸው ወድቆባቸው የተጨነቁ እናት ናቸው። አጠገባቸው ቁጭ ብለሽ ይህን አንብቢላቸው። በጉም አይሸጥ። በድንጋዩ ላይ ሳይሆን በደጀ ሰላም፣ በሟቹ ስም፣ ለነዳያን ይሁን።

የሰበካ ጉባኤውን ሰዎችና የንስሐ አባታችሁን ያዙና ድንጋዩን ወደ ቦታው መልሱ። መሠረቱ ካልፈቀደ እዚያው ግቢ፣ በክብር አቁሙት፤ ካህኑ ጸልየው ጸበል ይርጩበት። ያን ቪዲዮ የለቀቀውን ልጅም ጥሩት፤ አፈሩን ጫሩ፣ ድንጋዩን በውኃ እጠቡና ከላይ እስከ ታች በቪዲዮ ይቅረጸው። ጽሑፉ ግእዝ ከሆነ ፎቶውን ላኪልኝ፣ እተረጉምላችኋለሁ። የሟቹ የክርስትና ስም ከተገኘ ደግሞ ጽፈሽ ለቄሱ ስጪያቸው፤ እሑድ በቅዳሴው ከሙታን ጋር ይጠሩታል።