ጀልባው ሲቆም ኢንሹራንሱም ይቁም?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። ከባሕር ዳር፣ ሽምብጥ አካባቢ ነው የምጽፍልዎ። 12 ሰው የምትጭን የፋይበር ጀልባ አለችኝ። ከመስከረም መጨረሻ እስከ ጥምቀት ወደ ዘጌና ወደ ክብራን ገብርኤል እንግዳ አመላልሳለሁ፣ ከዚያ በኋላም እስከ ፋሲካ ትንሽ ትንሽ ሥራ አይጠፋም። ክረምቱን ግን ዳር አውጥቼ ነው የማቆማት። ኢንሹራንስ የምከፍለው ደግሞ የዓመት ነው። ሰኔ ላይ ውሉን አቋርጬ መስከረም ላይ ብመልሰው አይሻልም? የቆመች ጀልባ ምን ትሆናለች?

መልስ፦ ወንድሜ፣ አታቋርጥ።

የቆመች ጀልባ ምን ትሆናለች ላልከው፣ እስኪ ጣናን አስበው። ሐይቁ በጣም የሚጎድለው ግንቦትና ሰኔ ላይ ነው። አንተ ጀልባዋን የምታወጣው ልክ በዚያ ሰዓት ነው፤ ስለዚህ ዛሬ ደረቅ መሬት ነው ብለህ ያስቀመጥክበት ቦታ፣ ግልገል ዓባይና ጉማራ፣ ርብና መገጭ ሞልተው ሲገቡ ውሃ ሊደርስበት ይችላል። ሐይቁ ጢም የሚለው ደግሞ ሐምሌ ላይ እንዳይመስልህ። መስከረምና ጥቅምት ላይ ነው፣ ዝናቡ አባርቶ ሰው ሁሉ ክረምቱ አለፈ ብሎ ሲዘናጋ።

የአክስቴ ልጅ ይህ ደርሶበታል። ሰኔ ላይ ጀልባውን አውጥቶ፣ አረቦን (የኢንሹራንስ ክፍያ) ለመቆጠብ ብሎ ውሉን አፍርሶ ቤተሰብ ጥየቃ ሄደ። መስከረም ሲመለስ ውሃው አንሥቷት ከድንጋይ ጋር ሲያላጋት ሰንብቶ ሆዷ ተሰንጥቋል። ካሳ የሚጠይቅበት ውል አልነበረውም። እስካሁን ሳስበው ያንገበግበኛል፣ ምክንያቱም ልጁ ሰነፍ አይደለም፣ የሚመክረው ሰው ነው ያጣው።

ሂሳቡም ቢሆን እንዳሰብከው አይመጣም። መድን ድርጅቶች የአጭር ጊዜ ውል ሲሰጡ ብዙውን ጊዜ በቀን አካፍለው አያስከፍሉም፤ የስድስት ወር ውል ከዓመቱ ግማሽ በላይ ነው የሚያስወጣህ። ውሉን አንተ መሃል ላይ ስታፈርሰውም ተመላሹ የሚሰላው በዚሁ ታሪፍ ነው። አቋርጠህ እንደገና ስትገባ ያተረፍከው የመሰለህ ብር እዚያው ይቀልጣል።

ይልቅ ውሉን ስታድስ አንድ ነገር ጠይቅ፦ ጀልባዋ ከዚህ ቀን እስከዚህ ቀን ከውሃ ወጥታ እንደምትቆም በውሉ ላይ ይጻፍልኝ፣ ለእነዚያ ወራትም አረቦኑ ይቀነስልኝ በል። ተሳፋሪ የለም፣ ማዕበል ላይ መገልበጥ የለም፣ ስለዚህ ቅናሽ የምትጠይቅበት በቂ ምክንያት አለህ። ግን የሚቀነሰው የጉዞው አደጋ ብቻ ይሁን። እሳት፣ ስርቆት፣ ንፋስ የጣለው ዛፍ እና በተለይ የሐይቁ ውሃ መሙላት በስማቸው ተጠርተው ይቆዩ። «ጎርፍ» ተብሎ ብቻ ቢጻፍ አትቀበል። ጎርፍ ከመንገድ የሚመጣ ነው ወይስ ሐይቁ ራሱ ሲሞላ ነው ብለህ ጠይቅ፣ መልሱንም በጽሑፍ ተቀበል።

አሁን ደግሞ ሰው ሁሉ የሚሳሳትበት ላይ ልምጣ። ነሐሴ ሲገባ ፍልሰታ ነው። ሱባኤ የሚገቡ እናቶች አሉ፣ ነሐሴ 16 ደግሞ ኪዳነ ምሕረት ናት፣ ዘጌ ላይ ካለችው ዑራ ኪዳነ ምሕረት አድርሰን የሚል ሰው ደጅህ ይመጣል። እምቢ ማለት ይከብዳል፣ ይገባኛል፣ እኔም ብሆን እምቢ አልልም። ነገር ግን ትቆማለች ብለህ በፈረምክበት ወር አንድ ቀን ውሃ ላይ ካወጣሃት፣ በዚያ ቀን ለሚደርሰው አደጋ መድኑ አይከፍልም። ጀልባዋ ቢቀር ቢቀር ጀልባ ናት። ሰዎቹስ? የተሳፋሪ ካሳ ከኪስህ ነው። ስለዚህ ከነሐሴ 1 እስከ 16 እንደምትሠራ ካወቅህ ከመጀመሪያው የሥራ ጊዜ ብለህ አስጽፈው። ድንገት ከመጣብህም ቀድመህ አመልክተህ የውል ማሻሻያ በእጅህ ሳይገባ ሞተር አታስነሣ። በስልክ «ችግር የለውም» ያለህ ሰው ማስረጃ አይሆንህም።

ሞተሩን ክረምቱን ቤት የምታስገባ ከሆነ ያንንም አስጽፍ። ብዙ ውል ሞተሩን የሚያውቀው ጀልባዋ ላይ እንደተገጠመ ነው፤ ከጓዳህ ቢሰረቅ ክርክር ይነሣል። የሞተሩን ቁጥር ጻፍ፣ ፎቶ አንሣው። ጀልባዋንም ስታወጣት ዙሪያዋን አንሣ፣ ቀኑ ይታይ።

ጥያቄ፦ ከጎርጎራ ነኝ። ባለቤቴ ጀልባውን በ2010 ሲገዛ በ300 ሺህ ብር ኢንሹራንስ ገባ፣ በየዓመቱም በዚያው እናድሳለን። እምቦጭ ሞተሩን ቢያበላሽብን ሙሉውን ይከፍሉናል?

መልስ፦ እህቴ፣ እምቦጩን ቆይተን እናየዋለን፣ መጀመሪያ ያስደነገጠኝ 300 ሺሁ ነው። ሐምሌ 2016 የምንዛሬ ገበያው ሲለቀቅ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር ብዙም ሳይቆይ ከ100 ብር አለፈ። ሞተሩ ከውጭ የሚመጣ ዕቃ ነው። ጀልባው ዛሬ 900 ሺህ ያወጣል እንበል፤ እናንተ ያስመዘገባችሁት የዋጋውን ሲሶ ነው ማለት ነው። በመድን አሠራር ጉዳቱ 90 ሺህ ቢሆን የሚከፈላችሁም ሲሶው፣ 30 ሺህ ነው፣ ከዚያም ላይ ተቀናሽ፣ ማለትም ከጉዳቱ ራሳችሁ የምትሸከሙት ድርሻ፣ አለ። 300 ሺህ ድረስ ሙሉ ይከፍላሉ ብሎ የሚያስብ ሰው ብዙ ነው። አይደለም። ዘንድሮ ሳታድሱ በፊት ጀልባና ሞተሩን ለየብቻ አስገምቱ። ከዋጋው በላይ ማስመዝገብም አይጠቅምም፣ ካሳው ጉዳቱ በደረሰበት ቀን ከነበረው ዋጋ አያልፍም።

እምቦጩን በተመለከተ፣ የሞተር ብልሽት፣ እርጅናና ዝገት አብዛኛው ፖሊሲ (የመድን ውል) አይሸፍንም፣ ከውጭ የመጣ ድንገተኛ ጉዳትን ግን ይሸፍናል። እምቦጭ ፕሮፔለሩ ላይ ተጠምጥሞ ሞተሩ ቢግል ከየትኛው ይቆጠራል? ድርጅታችሁን በደብዳቤ ጠይቁት፣ መልሱንም ከፖሊሲው ጋር አያይዛችሁ አስቀምጡ። ጉዳት ከደረሰ ደግሞ ሣሩን ከፕሮፔለሩ ሳትፈቱ ፎቶ አንሡት። መካኒኩ ፈቶ ከጣለው በኋላ ለገማቹ የምታሳዩት አይኖራችሁም።