እግዚአብሔርን «ለምን?» ማለት እምነት ማጣት ነው?

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሁለቴ አነበብኩት። «እናቴ ካረፈች ወዲህ ስጸልይ ‹ለምን?› ከማለት ውጪ ቃል አይወጣኝም፤ እምነቴ ጠፍቶ ይሆን?» ነው ያልሽው። በመጀመሪያ እግዚአብሔር ያጽናሽ።

ጠፍቷል ብዬ አላምንም። እምነቱ የጠፋ ሰው ጀርባውን ሰጥቶ ይሄዳል እንጂ ቆሞ አይጠይቅም። አንቺ አሁንም የምታለቅሺው ወደ እሱ ነው።

ኢዮብን አስቢው። ልጆቹን በአንድ ቀን አጣ። የተወለደበትን ቀን እስከ መርገም ደረሰ። ሦስቱ ጓደኞቹ መጥተው 7 ቀንና 7 ሌሊት ዝም ብለው አብረውት መሬት ላይ ተቀመጡ። ካደረጉለት ሁሉ ደጉ ነገር ያ ነበር። አፋቸውን ሲከፍቱ ግን «ኃጢአት ቢኖርብህ ነው» ማለት ጀመሩ። (እንዲህ የሚሉሽ ካሉ፣ እባክሽ አትስሚያቸው።) ምዕራፍ 42 ላይ እግዚአብሔር የተቆጣው በማን ነው? በእነሱ። ቅን ነገር የተናገረው ኢዮብ ነው አላቸው። ደግሞ ልብ በይ፤ መከራው ለምን እንደመጣበት ለኢዮብ አልተነገረውም። ያገኘው እግዚአብሔርን ራሱን ነው።

ጳውሎስም የሥጋው መውጊያ እንዲነሳለት 3 ጊዜ ለመነ። አልተነሳለትም፤ «ጸጋዬ ይበቃሃል» ተባለ። ጌታችን ደግሞ አልዓዛርን እንደሚያስነሳው እያወቀ አልቅሷል። እንባሽ አያሳፍርሽ።

ረጅም ጸሎት ካቃተሽ ለጊዜው ተዪው። መዝሙረ ዳዊትን ክፈቺና «አቤቱ፥ እስከ መቼ» የሚለውን ተውሰሽ አንብቢ። ብቻሽን ግን አትሁኚ። ምክር ሳያበዛ አጠገብሽ የሚቀመጥ አንድ ሰው ጥሪ። እኔም ዛሬ ማታ በጸሎት አስብሻለሁ።