የሥራ ማመልከቻ ቅጹ ላይ «በወንጀል ተፈርዶብህ ያውቃል?» ይላል፣ ምን ልሙላ ላልከው

ባዶ አትተወው፤ «የለም» ብለህም አትዋሽ። «አዎ፣ በቃለ መጠይቅ ላስረዳ እችላለሁ» ብለህ ጻፍ። በቃ።

ግን ጥያቄውን ደግመህ አንብበው። «ተከሰህ ታውቃለህ?» እና «ተፈርዶብህ ያውቃል?» አንድ አይደሉም። ተከሶ ነጻ የወጣ ሰው ለሁለተኛው መልሱ «የለም» ነው። «ባለፉት 5 ዓመታት» የሚል ካለበትም ከዚያ በፊት ያለውን አልጠየቁህም። ሲቪህ ላይ ደግሞ ጭራሽ አታንሳው።

ፊት ለፊት ስትገናኙ ሦስት ነገር ይበቃል፦ ምን እንደሆነ፣ መቼ እንደሆነ፣ ከዚያ ወዲህ ምን ስትሠራ እንደቆየህ። ሦስተኛው ላይ ቆየት በል። ማረሚያ ቤት የተማርከው ሙያ ካለ የምስክር ወረቀቱን ይዘህ ሂድ። ዳኛው ተሳስቶ ነው፣ ጓደኛዬ ነው ያስገባኝ የሚለውን ግን ተወው፤ ቀጣሪ ቶሎ ይሰለቻል።

አንድ ነገር ልጨምር። እኔ ራሴ ሠራተኛ እቀጥራለሁ። በስርቆት የተፈረደበት ልጅ ገና ሳልጠይቀው ነገረኝ፣ ቀጠርኩት። ሌላው ተራ ድብድብ ደበቀኝ። የአሻራው ውጤት በ2ኛው ሳምንት መጣ፣ አሰናበትኩት። ቢነግረኝ ኖሮ ድብድቡን ከቁም ነገር አልቆጥረውም ነበር።