የእናት ራምፕና የልጅ ታክስ፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ (ከካልጋሪ፣ ካናዳ)፦ እናቴ 71 ዓመታቸው ነው፤ የሚኖሩት እኔ ቤት ነው። ጉልበታቸው እምቢ ብሎ አሁን ካለ ዊልቸር አይንቀሳቀሱም። በ2025 የበሩን ደረጃ በራምፕ (በተዳፋት መወጣጫ) አስለወጥን፤ የመታጠቢያ ገንዳውንም አስነቅለን ዊልቸር የሚገባበት ሻወር አሠራን። በድምሩ 16,400 ዶላር ወጣ። ኮንትራክተሩ «እስከ 20,000 መንግሥት ይመልስልሻል» ብሎኛል። እውነት ነው? እናቴ ገቢ የላቸውም፤ የታክስ ክሬዲቱን በእሳቸው ስም ልንጠይቅ አስበናል።

መልስ፦ 20,000 ዶላር ከወጪዎ የሚያዝልዎ ጣሪያ እንጂ የሚመለስልዎ ገንዘብ አይደለም። የቤት ተደራሽነት የታክስ ክሬዲት (ቤትን ለአረጋዊ ወይም ለአካል ጉዳተኛ ለሚያመቻቹ የሚሰጥ የታክስ ቅናሽ) የሚሰላው በዝቅተኛው የፌዴራል ታክስ መጣኔ ነው። ይህ ለ2025 14.5 በመቶ ስለሆነ የእርስዎ 16,400 ዶላር 2,378 ዶላር ያስቀንስልዎታል። ጣሪያውን ቢሞሉት እንኳ 2,900 ነው። ለ2026 መጣኔው ወደ 14 በመቶ ይወርዳል። አባትዎም አብረው ቢኖሩ ጣሪያው እጥፍ አይሆንም፤ ለአንድ ቤት 20,000 ነው።

በእናትዎ ስም ግን አይጠይቁ። ክሬዲቱ ያለብዎትን ታክስ ይቀንሳል እንጂ ቼክ ሆኖ አይመጣም። ታክስ የሌለበት ሰው የሚቀነስለት ነገር የለም፣ ለከርሞም አይተላለፍም። ቤቱ የእርስዎ ስለሆነና እናትዎ በእርስዎ ድጋፍ ስለሚኖሩ፣ በራስዎ የታክስ ፎርም መስመር 31285 ላይ ያስገቡት። በስሕተት በእሳቸው ስም ገብቶ ከሆነም አይደንግጡ፤ ያለፉ ዓመታትን ፋይል እስከ 10 ዓመት ወደ ኋላ ማስተካከል ይቻላል።

ብዙ ሰው የሚያልፈው ሌላ ነገር አለ። እናትዎ በዊልቸር ስለሚንቀሳቀሱ ያው የ2025 ወጪ በሕክምና ወጪ ክሬዲትም ሊያዝ ይችላል፤ ለወላጅ መስመሩ 33199 ነው። እዚያ ላይ መጀመሪያ ከወጪው የሚነሣ መጠን አለ፦ የእናትዎ የተጣራ ገቢ 3 በመቶ ወይም 2,834 ዶላር፣ ከሁለቱ ያነሰው። ገቢያቸው ዜሮ ከሆነ የሚነሣውም ዜሮ ነው። ሁኔታው ግን ጠበቅ ይላል፦ የመንቀሳቀስ ችግሩ ከባድና የቆየ መሆን አለበት፤ ሥራውም የቤቱን ዋጋ ከፍ የሚያደርግ ዓይነት መሆን የለበትም። ራምፕ በዚህ ረገድ እምብዛም አያከራክርም። የሐኪም ደብዳቤ ቢይዙ ይበጃል። በአንድ ወጪ ሁለቱንም ክሬዲት መጠየቅ ከ2026 ጀምሮ እንዲቀር በፌዴራሉ በጀት ሐሳብ ስለቀረበ፣ ይህን በ2025 ወጪ ላይ ይጠቀሙበት።

አሁን ደረሰኙን አውጥተው ይዩት። «የመታጠቢያ ቤት እድሳት፣ 16,400 ዶላር» ብቻ የሚል ከሆነ ዛሬውኑ ያስለውጡ። የኮንትራክተሩ ስም፣ አድራሻና የጂኤስቲ (የፌዴራሉ የሽያጭ ታክስ) ቁጥር፣ የቤትዎ አድራሻ፣ ቀኑ፣ የተከፈለው መጠን፣ ከሁሉም በላይ ሥራው በዝርዝር መጻፍ አለበት፦ ራምፕ ይህን ያህል፣ ደፍ የሌለው ሻወር ይህን ያህል፣ የግድግዳ መያዣ ብረት ይህን ያህል። ማጠቢያ ማሽን ወይም ቴሌቪዥን አብሮ ከተገዛ ለብቻው ይውጣ፤ እነዚህ አይያዙም። የፈቃድ፣ የንድፍና የመሣሪያ ኪራይ ወጪ ግን ይያዛል። ደረሰኙን ከፋይሉ ጋር አይልኩትም፤ የገቢዎች ኤጀንሲው ሲጠይቅ ነው የሚያሳዩት፤ 6 ዓመት ያስቀምጡት።

«በካሽ ያለ ደረሰኝ ከከፈላችሁኝ ጂኤስቲውን እተውላችኋለሁ» የሚል ባለሙያም አይጠፋም። 5 በመቶ ለማትረፍ 14.5 በመቶ መጣል ነው።

ስለ ራምፑም አንድ ነገር፦ ለእያንዳንዱ 1 ሴንቲሜትር ከፍታ 12 ሴንቲሜትር ርዝመት ያስፈልገዋል። እያንዳንዳቸው 18 ሴንቲሜትር የሆኑ ሦስት ደረጃዎች 54 ሴንቲሜትር ናቸው፤ ራምፑ ወደ 6.5 ሜትር ሊሆን ነው። ግቢው ጠብቦ በ3 ሜትር ከተሠራ በካልጋሪ በረዶ ላይ የሚገፋውም የሚቀመጠውም ይንሸራተታል። ታክሱ ቁልቁለቱን አይለካም፤ የእናትዎ ጉልበት ግን ይለካል። ደረጃው ላይ ተጋድሞ የሚነሣ ተንቀሳቃሽ ራምፕ ደግሞ የቤቱ አካል ስላልሆነ ለቤት ተደራሽነቱ ክሬዲት አይያዝም። በመምጠጫ ጎማ ግድግዳ ላይ የሚለጠፈው መያዣም እንዲሁ ነው፤ ደግሞም የሰው ክብደት ሲያርፍበት ይላቀቃል። መያዣው ከድራይዎሉ (ከጂፕሰም ግድግዳው) ኋላ ባለው እንጨት ላይ በብሎን ይታሰር፤ እንጨት ከሌለ ግድግዳው ሳይዘጋ በፊት ያስገቡበት።

ጥያቄ (ከቶሮንቶ)፦ ለአባታችን ኮሪደር ላይ የእጅ መደገፊያ ያስገባልንና በሩን ያሰፋልን አናጺ ወንድማችን ነው። 4,000 ዶላር ከፈልነው። ይያዝልናል?

መልስ፦ ወንድምዎ ለኤችኤስቲ (በኦንታሪዮ በጂኤስቲ ቦታ ለሚከፈለው የሽያጭ ታክስ) ካልተመዘገበ የእጁ ዋጋ አይያዝም። ዘመድ ለዘመድ ሠርቶ የተከፈለው ክፍያ የሚያዘው ሠሪው ሲመዘገብ ብቻ ነው። ከሱቅ በደረሰኝ የተገዛው እንጨት፣ ብረትና የበር ፍሬም ግን ይያዛል፤ ስለዚህ የዕቃውን ሒሳብ ከጉልበቱ ለዩት። እርስዎ ራስዎ ሠርተው ቢሆንም ያው ነው፤ ዕቃው ይያዛል፣ ላብዎ አይያዝም፣ የገዙት መሰርሰሪያም አይያዝም።

ጥያቄ (ከኤድመንተን)፦ ባለቤቴ 58 ዓመቱ ነው፤ ስትሮክ መትቶት ግራ ጎኑ አይታዘዝለትም። ክሬዲቱ ለሽማግሌ ብቻ ነው ይላሉ። ቤቱንም ተከራይተን ነው።

መልስ፦ ለሽማግሌ ብቻ አይደለም። 65 ያልሞላው ሰው ለአካል ጉዳት ታክስ ክሬዲት ብቁ መሆኑ ከተረጋገጠ በቂ ነው፤ ለዚያም ቲ2201 የሚባለውን ፎርም ሐኪሙ ይሞላዋል። ሐኪሙ የበሽታውን ስም ብቻ ጽፎ እንዳይመልሰው፤ ባለቤትዎ ለመራመድና ለመልበስ ምን ያህል ጊዜ እንደሚፈጅበት ይጻፍ። ፎርሙ ከጸደቀ እስከ 10 ዓመት ወደ ኋላ ሊሄድ ይችላል።

ኪራዩ ግን ያግዳል። ለቤት ተደራሽነቱ ክሬዲት ቤቱ የእሱ ወይም የእርስዎ መሆን አለበት። ቲ2201ን ግን በዚህ ምክንያት አይተዉት፤ የአካል ጉዳት ክሬዲቱ ከቤት ባለቤትነት ጋር ግንኙነት የለውም።