ጉና ያላ ሰንብቼ መጥቻለሁ፣ የፈለጋችሁትን ጠይቁኝ

ሰላም ናችሁ። ጉና ያላ ማለት ፓናማ ውስጥ በካሪቢያን ባህር በኩል ያለ የጉና ህዝብ ምድር ነው፣ ድሮ ሳን ብላስ የሚባለው። ከ300 በላይ ደሴት አለው፣ ሰው የሚኖርበት ግን ወደ 50 ቢሆን ነው። ሁለቴ ሄጄ ሰው ቤት ነው ያረፍኩት፣ የማውቀውን እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦ ዝም ብሎ መግባት ይቻላል እንዴ?

አይቻልም ወንድሜ። ከፓናማ ሲቲ በፎር ዊል መኪና ተራራውን አቋርጠህ ስትወርድ ኬላ አለ፣ የሚጠብቁት ጉናዎቹ ራሳቸው ናቸው፣ ፓስፖርትህን ያያሉ መግቢያ ትከፍላለህ ከዛ በጀልባ ነው። ደጃቸውን ራሳቸው መጠበቃቸው እኔን በጣም ደስ ይለኛል። የውጭ ሰው መሬት መግዛት አይችልም፣ ትልልቅ ሪዞርት የሌለውም ለዛ ነው።

ጥያቄ፦ ባህላቸውን ለማወቅ ከምን ልጀምር? ሞላ የሚባለውን ሴቶቹ የሚሰፉትን ጨርቅ ብገዛስ?

ግዢ እህቴ፣ ግን መጀመሪያ የምትሰፋዋ ሴት ጎን ቁጭ በይ። የተለያየ ቀለም ያለው ጨርቅ ይደራረብና የላዩ እየተቆረጠ የስሩ ቀለም ብቅ ይላል፣ ጠርዙ በደቃቅ የእጅ ስፌት ይያዛል። የሸሚዝ ፊትና ጀርባ ስለሆነ ነው ጥንድ ጥንድ የሚሰራው፣ ሁለቱ ይመሳሰላሉ እንጂ አንድ አይደሉም። ደግሞ ዝም ብሎ ጌጥ እንዳይመስልሽ! የፓናማ ፖሊስ ሴቶቹን ሞላ አትልበሱ የአፍንጫ ቀለበት አውልቁ እያለ ሲያስቸግር ነው እ.ኤ.አ በየካቲት 1925 ህዝቡ መሳሪያ ያነሳው፣ 1938 ላይ ግዛታቸው በህግ ታወቀ። ዛሬ ሴቶቹ ለብሰውት ሲሄዱ ሳይ እሱ ነው የሚታሰበኝ።

ጥያቄ፦ ፎቶስ?

ሳትጠይቅ አታንሳ። ክፈል የሚሉህ አሉ፣ እምቢ ካሉህ ደግሞ በቃ እምቢ ነው። ኮኮናትም እንደዛው፣ ባዶ በሚመስል ደሴት ላይ ያለው ዛፍ እንኳን ባለቤት አለው፣ የወደቀውንም አታንሳ።

ጥያቄ፦ ማታ ማታ ምን ይደረጋል?

እኔን የነካኝ እሱ ነው። መንደሩ ትልቅ የጉባኤ ቤት አለው፣ ሳይላ የሚሉት መሪያቸው ሀሞክ ላይ፣ ያ የሚንጠለጠለው መኝታ ላይ ሆኖ የአባቶችን ታሪክ በዜማ ያወርደዋል፣ ቅኔ ስለሆነ ግን ሁሉም አይገባውም፣ ስለዚህ አርጋር የሚባለው ይነሳና ለህዝቡ ይፈታዋል። እንቅልፍ የጣለው ካለ ደግሞ መሀል ላይ ጮክ ብሎ አትተኙ የሚል ሰው አለ። አንድም ቃል አልገባኝም ግን እስኪያልቅ ተቀመጥኩ፣ አስፈቅዳችሁ ግቡ ካሜራ አትያዙ።

ጥያቄ፦ ልጄ፣ ደሴታቸው በውሃ ሊዋጥ ነው ሲባል ሰማሁ፣ እውነት ነው?

እውነት ነው እማማ። ጋርዲ ሱግዱብ ከሚባለው ደሴት በ2024 ሰኔ ላይ ወደ 300 የሚሆን ቤተሰብ የብስ ላይ ወደተሰራላቸው ሰፈር እንዲዛወር ተደርጓል። ባህሩ ከፍ ማለቱ አንድ ነገር ነው፣ ደሴቷም በሰው ብዛት ጠባ ነበር። አንሄድም ብለው የቀሩም አሉ።

ጥያቄ፦ ባል ነው ወደ ሚስቱ ቤት የሚገባው ይባላል?

አዎ፣ ሲያገባ እነሱ ጋ ይገባና ከአማቱ ጋር ይሰራል። ያረፍኩበት ቤት አማችየው ጎህ ሳይቀድ ታንኳ ይዞ ይወጣል፣ አሳውን ይዞ ሲመለስ የምትቀበለው የሚስቱ እናት ነበረች።