ከዝሆን ጥርሱ በፊት ውስጡን እዩ

ውድ ወጣቶች፣

ይህን የምጽፈው በእጅ ሙያ ለመኖር ላሰባችሁ ነው። ዕድሜዬን የፈጀሁት የትንፋሽ የሙዚቃ መሣሪያዎችን በመጠገን ነውና ነገሬም ከዚያው ይነሣል።

እ.ኤ.አ. በ1700 አካባቢ በአምስተርዳም ከተሠሩት ሪኮርደሮች፣ ማለትም በጫፋቸው ከሚነፉት የአውሮፓ ዋሽንቶች፣ ጥቂቶቹ የዝሆን ጥርስ ናቸው። ሦስት ቁራጭ ሆነው ይገጣጠማሉ፤ በመጋጠሚያቸው ላይ በቶርኖ የወጡት ቀለበቶች ዓይን ያፈዝዛሉ። እኔ ግን አፍ የሚያርፍበትን ጫፍ እንድታዩ እፈልጋለሁ። በዚያ ውድ ጥርስ ውስጥ ተራ የዝግባ እንጨት ተሰክቷል። በእንጨቱና በላይኛው ግድግዳ መካከል የቀረችው ቀጭን ክፍተት ትንፋሹን ሰብስባ ፊት ለፊት ካለው ስለታም ጠርዝ ጋር ታጋጨዋለች፤ ድምፁ የሚወለደው እዚያ ነው። ዝግባ የተመረጠው ያለ ምክንያት አይደለም፤ የትንፋሹን እርጥበት ይጠጣል፣ እንደ ብዙው እንጨት ግን ቶሎ አያብጥም። ጥርሱ ግን እርጥበትን እንደ እንጨቱ ስለማይጠጣ ጤዛው በግድግዳው ላይ ይቋጥራል። ከዚያች እንጨት ላይ የፀጉር ያህል ብትፍቁ የድምፁ ጠባይ ይለወጣል፤ አብዝታችሁ ከፋቃችሁ ደግሞ አውጥቶ ሌላ መቁረጥ ነው።

የውስጡ ቀዳዳም ወደ ታች እየጠበበ ይሄዳል። ልኩን የሚወስነው ባለሙያው የሚያዘጋጀው የብረት መቦርቦሪያ ነው። ስለዚህ ከዋሽንቱ አስቀድሞ መሥሪያውን ማበጀት የግድ ነበር።

ሪቻርድ ሃካ የተባለውን ዋሽንት ሠሪ ውሰዱ። ለንደን ተወልዶ በልጅነቱ አምስተርዳም የገባ ሰው ነው፤ አባቱ ምርኩዝ ሠሪ ነበር። ልጁ በትንፋሽ መሣሪያ ሥራ ስሙ ከአገር አልፎ ተሰማ፤ እ.ኤ.አ. በ1685 ለስዊድን ባሕር ኃይል 40 መሣሪያዎችን ሠርቷል። ኩንራት ራይክልና ያን ስቴንበርገን ከእርሱ ተምረው ኋላ በየራሳቸው ስም ሠሩ። የደች የዋሽንት ሥራ የገነነው እንዲህ ከእጅ ወደ እጅ እየተላለፈ ነው።

ስለ ጥርሱ ሳልናገር አላልፍም። ለጌጥ ሲባል ዝሆን የተገደለበትን ዘመን ሳስብ አዝናለሁ። እ.ኤ.አ. በ1989 አገሮች የአፍሪካ ዝሆን ጥርስ ዓለም አቀፍ ንግድ እንዲታገድ ሲስማሙ፣ ዘገየ እንጂ ትክክል ነበር። የጥንቶቹን አምሳያ የሚሠሩ ባለሙያዎች ዛሬ ቦክስዉድ የሚባለውን ጠንካራ ቢጫ እንጨት ይጠቀማሉ፤ ውስጡ በጥንቃቄ ከተለካ ድምፁ ከጥርሱ አያንስም።

እናንተም ሙያ የሚያስተምር ሰው ስታገኙ ያለቀለትን ዕቃ አሳዩን አትበሉት። መሥሪያዎቹን እንዲያሳያችሁ ለምኑት፤ ከመካከላቸው የትኛውን በገዛ እጁ እንዳበጀ፣ ለምን እንዳበጀም ጠይቁት።