ባለታሪኳ ሳያዩት የቀሩት ፊልም

ውድ ልጆቼ፣

በቅርቡ ለዘጋቢ ፊልም ተማሪዎች ስለ ሙያዬ ተናግሬ ስጨርስ አንዲት ልጅ ተነሥታ «የቀረጿቸው ሰዎች ፊልሞችዎን አይተዋቸዋል?» ብላ ጠየቀችኝ። በሰዓቱ የሰጠኋት መልስ አጭር ስለነበረ ቀሪውን ለእሷም ለእናንተም በጽሑፍ አቀርባለሁ።

በወጣትነቴ ሰሜን ሸዋ ውስጥ ስለ ሸክላ ሠሪዎች ፊልም ሠርተን ነበር። ጎረቤቶቻቸው እንጀራ የሚጋግሩበትን ምጣድና ቡና የሚያፈሉበትን ጀበና ከእነሱ እየገዙ፣ «ቡዳ» እያሉ ማዕድ አይጋሯቸውም፤ በጋብቻም አይዛመዷቸውም ነበር። ዋናዋ ባለታሪካችን በዕድሜ የገፉ እናት ነበሩ። ጭቃውን አሽተው ድስቱን ከታች ወደ ላይ ሲያሳድጉት፣ በለስላሳ ድንጋይ ሲያለሰልሱት፣ በኩበት ሲተኩሱት፣ ከእሳት ሲወጣም በጣታቸው መታ መታ አድርገው መሰንጠቅ አለመሰንጠቁን በድምፁ ሲለዩ ቀርጸናል። የድምፅ ባለሙያችን፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ያንን ድምፅ ብቻ ለመቅዳት ነፋሱ እስኪበርድ ድረስ ከሰዓት በኋላውን ሙሉ ተቀምጦ ጠብቋል፤ ዛሬ እንዲህ ያለ ትዕግሥት ብዙ አላይም።

ቀረጻውን ጨርሰን ዕቃችንን ስንጭን እኚህ እናት አንድ ነገር ጠየቁን። «ፊልሙ እዚሁ ቀበሌው ግቢ ይታይ፤ ጎረቤቶቼ ሲያዩት እኔም ከመካከላቸው ልቀመጥ» አሉ። ከእነዚያ ሰዎች ጋር በአንድ አግዳሚ ላይ ተቀምጠው እንደማያውቁ የነገሩን ያን ጊዜ ነው። ፊልሙ አዲስ አበባ ውስጥ በሆቴል አዳራሽ ተመረቀ፤ ተመልካቹም ቆሞ አጨበጨበ። ወጪውን የሸፈነው ድርጅት ግን በውሉ መሠረት ባለቤቱ እሱ ስለነበረ፣ በአካባቢው ቢታይ ጠብ ይቀሰቅሳል ብሎ ወደ መንደሩ እንዳንወስደው ከለከለን፤ ጥሬ ቀረጻው ያለበትንም ካሴት ሰበሰበ። ደብዳቤ ጻፍን፤ ደጅ ጠናን። ኃላፊው ተለውጦ ፈቃዱ ሲገኝ እሳቸው አርፈው ነበር። ፊልሙን ወስደን አሳየን፤ ከጎረቤቶቻቸውም ያለቀሱ ነበሩ። እኔ ግን እስካሁን አልተጽናናሁም፤ እሳቸው የፈለጉት በሕይወት ሳሉ ከሰው መካከል መቀመጥ ነበርና።

ፊልም ከሠሪው እጅ ከወጣ በኋላ የት እንደሚደርስ አይታወቅም። የእንግሊዙ ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ የወሎን ረሃብ የቀረጸበት ዘገባ በጥቅምት 1966 ዓ.ም. በአገሩ ታየ፤ በዓመቱ ደርግ ከቤተ መንግሥት ግብዣ ምስሎች ጋር አቀናብሮ መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ምሽት በቴሌቪዥን አስተላለፈው፤ በማግስቱ ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን ወረዱ። በጥቅምት 1977 ዓ.ም. ኬንያዊው የካሜራ ባለሙያ መሐመድ አሚን ከኮረም የቀረጸው የረሃብተኞች ምስል ደግሞ ዓለምን ለእርዳታ አነሣሥቷል፤ ይህን ውለታ አልክድም። ሆኖም ከእነዚያ ፊቶች የስንቱን ስም እናውቃለን?

ስለ ካሜራና ስለ ብርሃን አልመክራችሁም፤ በዚህ ከእኛ ትበልጣላችሁ። የሚያሳዝነኝ ብዙዎቻችሁ የመንደሩን ሰዎች ስም ሳትጠይቁ ድሮን ማስነሣታችሁ፣ ቀረጻው ሳያልቅም ስለ ውጭ አገር ፌስቲቫል ማሰባችሁ ነው። ለገንዘብ ሰጪ አትገዙ እላለሁ፤ ያለ እነዚህ ድርጅቶች ገንዘብ ግን አብዛኞቹ ፊልሞቼ ባልተሠሩም ነበር። ኃይሌ ገሪማ «ሳንኮፋ» የተባለውን ልብ ወለድ ፊልሙን አከፋፋዮች ፊት ሲነሡት አዳራሽ እየተከራየ ለሕዝቡ አድርሶታል፤ ያንን መንገድ መከተል ለሁሉም የሚቻል አይመስለኝም።

ስለዚህ ከመፈረማችሁ በፊት ሁለት ነገሮች ውሉ ውስጥ እንዲገቡ ተከራከሩ፦ ባለታሪኮቹ በሚኖሩበት ቦታ የማሳየት መብትና የጥሬ ቀረጻው ቅጂ። የጀነሬተሩን፣ የፕሮጀክተሩንና የመጓጓዣውን ወጪ ከመጀመሪያው በጀት ላይ አስይዙ፤ በኋላ ማንም አይሰጣችሁም። ከወረዳው የቀረጻ ፈቃድ ስትጠይቁም የማሳያውን ፈቃድ አብራችሁ ጠይቁ፤ ቀኑንም ሰው ሁሉ እንዲገኝ ከአጨዳና ከውቂያ ወራት ውጭ አድርጉት።